«ነጨ» ወይስ «ነቀለ»?

ከደሴ፦ ሰላም የቋንቋ ወዳጆች። ታናሽ እህቴን ሹሩባ ስሠራት ከጆሮዋ በላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ባዶ ቦታ አገኘሁ። አክስቴ አየችና «ላሽ ነው» አለች። ቀረብ ብዬ ሳየው ግን ሙልጭ አላለም፤ አጭርም ረዘም ያለም ቁርጥራጭ ፀጉር አለው። ለካ ስታጠና ሳይታወቃት በእጇ እየነቀለችው ኖሯል! ይህን ምን እንበለው? «ፀጉር መንቀል»?

ከወልዲያ፦ «መንቀል»ስ ለችግኝና ለጥርስ ይሁን። ለፀጉር «ነጨ» አለን። ጣጣው፣ ቃሉን ለቅሶ ወስዶብናል። «ፀጉሯን ነጨች» ብትዪ «ማን ሞተባት?» ነው የምትባዪው።

ከኮምቦልቻ፦ «ነጭናጫ»ም ከዚሁ ይሆን እንዴ?

ከወልዲያ፦ ድምፃቸው ስለተመሳሰለ ብቻ አናዛምዳቸው ወንድሜ።

ከሐይቅ፦ ሐኪሞች «ትሪኮቲሎማኒያ» ይሉታል። ፈረንሳዊው የቆዳ ሐኪም አሎፖ በ1889 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስም ነው። ከግሪክ ሦስት ቃላት የተገጠመ ነው፦ ፀጉር፣ መንጨት፣ እብደት። ሦስተኛው አይዋጥልኝም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በ2013 እ.ኤ.አ. መመሪያቸው ከእብደት ሳይሆን፣ እጅ ደጋግሞ ከመታጠብ ዓይነቱ ሕመም ጎን ነው ያስቀመጡት። አንዳንዱ ሳያውቀው ይነጫል። ሌላው ውጥረቱ ሲብስበት እያወቀ ይነጭና ቀለል ይለዋል፤ ከዚያ ያፍራል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም በጉርምስና መግቢያ ላይ ነው።

ከደሴ፦ «ልክፍት» ብንለውስ?

ከሐይቅ፦ ኧረ ተይ! አክስትሽ ነገውኑ ጠበል ወይ ዱዓ ልትል ነው። «አመል» ካልነው ደግሞ «ተዪ!» ይከተላል፤ «ተዪ» ስትባል እፍረቱ ይብስባታል እንጂ እጇ አይመለስም። እኔ «የመንጨት አባዜ» እላለሁ። አባዜ ሰውን ይጠናወተዋል እንጂ ሰው አይመርጠውም።

ከወልዲያ፦ «የሥልጣን አባዜ»ን ረሳኸው? ቃሉ ስላቅ አለበት።

ከደሴ፦ ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ባለሙያ ዘንድ ሄደን ነበር። መጀመሪያ እጇ መቼ እንደሚነሳ ልብ እንድትል፣ ከዚያ ሲነሳ ጨብጣ እንድትይዘው አስተማሯት። ይህ ዘዴ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው አሉ። ማታ «አብሽሪ» ብዬ «የመንጨት አባዜ» የሚለውን ስነግራት ሳቀችብኝ። «‹እጄ ሄደ› ብል አይበቃም?» አለች። አሁን ቤት ውስጥ «እጅሽ ሄደ» ነው የምንላት። ቶሎ ትጨብጠዋለች። አክስቴ ግን ዛሬም «ላሽ ነው» እያለች ቅቤ ትቀባታለች።