ሊፍቱ ቆሟል፤ ባለቤቴን ከ6ኛ ፎቅ እንዴት ላውርደው?

የአቢ እናት፦ ሰላም ናችሁ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ሜክሲኮ አካባቢ 6ኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። ሊፍቱ ትናንት ማታ ቆመ፣ ጥበቃው ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው ይለኛል። ባለቤቴ ወገቡን ኦፕራሲዮን ተደርጎ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ክሩን ለማስወጣት ቀጠሮ አለው። ሥራ ቦታ የሴራሚክ ካርቶን ሲያወርድ ነው የተጎዳው። ጎረቤቶቼ በብርድ ልብስ ይዘን እናወርደዋለን አሉኝ። እኔ ግን ፈራሁ። ምን ላድርግ?

ፎርማኑ፦ እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። ሳይት ላይ ሰው ሲጎዳብን ወንበር ላይ አስቀምጠን ለአራት ነው የምናወርደው። መደገፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር ፈልጊ።

የፒያሳው፦ ቆይ፣ መጀመሪያ ማን ነው ኦፕራሲዮን አስደርጉት ያላችሁ? ወገብ በቢላ አይነካም። አጎቴን ዲስክ ነው ብለው ሊቀድዱት ነበር፣ ወጌሻ አሽቶት ይኸው ዛሬም ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ቃልዬ፦ ሊፍቱን የሚያሠራውን ሰውዬ በየቀኑ 6ኛ ፎቅ በእግሩ ያስወጡት፣ ያኔ ዕቃው ከውጭ ሳይሆን ከኪሱ ይወጣል 😄 የምሬን ግን፣ ክር ለማስወጣት የግድ ሆስፒታል መሄድ የለበትም። ያከመው ሐኪም ጋ ደውለሽ ጠይቂ። ከፈቀደ ነርስ ቤት መጥታ ታወጣለታለች። ለእናቴ እንደዚያ ነው የተደረገላት።

ሲስተር ኤም፦ የፒያሳው ወንድሜ፣ አጎትህ እንኳን ዳነ። የተሰፋ ወገብ ግን ማንም እንዲያሸው አይፈቀድም። የአቢ እናት፣ ብርድ ልብሱን ተዪው፣ መሃሉ ስለሚረግብ ወገቡ ይታጠፋል። ወንበሩም ቢሆን ደረጃ ላይ አንዱ ሰው ከሳተ አለቀ። ራሱ መራመድ ከቻለ በእግሩ መውረዱ ይሻላል፣ የደረጃውን ብረት ይዞ፣ መጀመሪያ ደካማውን እግር እያወረደ፣ በየፎቁ እያረፈ። ግን ዋናውን ነገር አልነገርሽንም። ከተሠራ ስንት ቀኑ ነው? ይራመዳል? እግሩ እንዴት ነው? ሽንቱስ?

ጠበቃው፦ ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ይሄ የሥራ ላይ ጉዳት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ባያጠፋም ኃላፊ ነው፣ የሕክምናውን ወጪ ይሸፍናል። ባለቤትሽ መሥራት እስካልቻለ ድረስ ለመጀመሪያው 3 ወር ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዩ 3 ወር ቢያንስ 75 በመቶውን፣ ለቀረው 6 ወር ደግሞ ቢያንስ 50 በመቶውን ያገኛል። ብዙ ሠራተኛ ይህን ሳያውቅ "አይዞህ" ተብሎ በሁለት ሺህ ብር ይሸኛል። ይሄ ያንገበግበኛል። ደረሰኝ አትጣይ፣ ሲጎዳ ያዩትን ሰዎች ስልክ ያዢ፣ ለአሠሪው በጽሑፍ አሳውቂና ቅጂው ላይ አስፈርሚ።

የአቢ እናት፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። 12 ቀኑ ነው ሲስተር። እስከ ሽንት ቤት ይራመድ ነበር፣ ከትናንት ወዲህ ግን ግራ እግሩ እየከዳው ነው። ሽንቱ ጠብ ጠብ ብቻ ነው የሚለው፣ ከማታ ጀምሮ ጭራሽ እምቢ ብሎታል። የሕመም ማስታገሻው፣ ትራማዶሉ ነው ብለን ነው። ጠዋት ሳጥበው ደግሞ በጭኑ መሃልና መቀመጫው ላይ ሳሙናውም እጄም አልተሰማውም፣ "የሌላ ሰው ገላ የምታጥቢ መሰለኝ" አለኝ። ለነገሩ ነገ እንነግራቸዋለን።

ሲስተር ኤም፦ የኔ እህት፣ ነገን አትጠብቂ። አሁኑኑ። ሽንት እምቢ ማለት፣ መቀመጫ መደንዘዝ፣ እግር መክዳት አንድ ላይ ከመጡ ከወገብ በታች ያሉት ነርቮች ተጭነው ሊሆን ይችላል፣ ቁስሉ ውስጥ ደም ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ይሄ በሰዓት የሚቆጠር ነው። ከዘገየ ሽንትና ሰገራውን መቆጣጠር ላይመለስለት ይችላል። 907 ቀይ መስቀል ደውዪ። "የወገብ ኦፕራሲዮን የተደረገ ነው፣ ሽንት አልወጣም፣ 6ኛ ፎቅ ነን፣ ሊፍት የለም፣ ቃሬዛና ሰው ይዛችሁ ኑ" በያቸው። ያከመውን ሆስፒታልም ደውዪ፣ ካላነሱ ጥቁር አንበሳ ድንገተኛ ውሰጂው፣ ለእናንተ ቅርብ ነው፣ የነርቭ ቀዶ ሕክምናም አለው። ምግብም መጠጥም አትስጪው፣ ተመልሶ ኦፕራሲዮን ሊገባ ይችላል። ስታገላብጡት ጉልበቱን አጥፎ፣ ትከሻውና ዳሌው እኩል እንደ ግንድ ይዙር። የኤምአርአይ ፊልሙን፣ ወረቀቱንና መድኃኒቶቹን ያዢ።

ፎርማኑ፦ ወንበሩ ላይ ስታስሩት በነጠላ አይሁን፣ ይላላል። በቀበቶ ነው የሚታሰረው።

ቃልዬ፦ ፎርማኑ ወንድሜ፣ ከላይ ያለውን አንብበው፣ ወንበሩን እርሳው በእናትህ።

የፒያሳው፦ የአቢ እናት፣ ስለ ኦፕራሲዮኑ ያልኩትን ተዪው። የቱ ሕንፃ ነው? ሁለት ወንድሞቼን ይዤ እመጣለሁ፣ ቃሬዛ ደረጃ ላይ ሲዞር ሰው ይፈልጋል። ስልኬን በውስጥ ልኬልሻለሁ።

የአቢ እናት፦ ደወልኩ፣ እየመጡ ነው አሉ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። የፒያሳው፣ አሁን እደውልልሃለሁ።

ሲስተር ኤም፦ አይዞሽ። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሺ ተራ ይዘሽ ዝም ብለሽ አትቀመጪ። ሽንቱ ከማታ ጀምሮ እንደቆመ በሩ ላይ ለምታገኚው ባለሙያ መጀመሪያ ተናገሪ።

ጠበቃው፦ የአምቡላንስም የድንገተኛም ወረቀት ይቀመጥ፣ የጉዳቱ ተከታይ ነው።

ሲስተር ኤም፦ የአቢ እናት፣ እንዴት አደራችሁ? ኦፕራሲዮን ገባ? የፒያሳው፣ አንተስ አግኝተሃቸዋል?