የድሮ ኪቦርድ ያለው፣ ዕቃው የሚቀየር ላፕቶፕ ድሬ ላይ የሠራ አለ?

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦
ሰላም ወገኖች። ቀኑን ሙሉ ማመልከቻና የመመረቂያ ጽሑፍ ነው የምተይበው። በአማርኛ «ሱ» ለማለት ብቻ ሁለት ቁልፍ መንካት ነው፤ ኪቦርድ እንጀራዬ ነው። የአሁኑ ላፕቶፔ ቁልፎቹ ጠፍጣፋ ናቸው፣ ጣቴ እየሳተ ያሳብደኛል። ራሙም (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ቦርዱ ላይ ተበይዷል፣ አይቀየርም። ቲንክፓድ ቲ430 የሚባለውን ላፕቶፕ ገዝቼ፣ ከሱ የቀደመውን የቲ420ን ባለ 7 ረድፍ ኪቦርድ ብገጥምበትስ?

መልስ (ከከዚራ)፦
አቦ፣ ግዢው እህቴ! እኔ ሠርቼዋለሁ። ቲ420 የ2011 ነው፣ ቲ430 የ2012። ኪቦርዱ ይገባል፤ ግን ከታች ጠርዙ ላይ ያሉትን ትንንሽ ጥርሶች መሞረድ አለብሽ። እኔ በጥፍር ሞረድ ነው የሠራሁት፣ ቀስ እያልኩ፣ አንድ ማታ ሙሉ። ማገናኛው ላይ ያሉትን የኪቦርድ መብራት ፒኖች በቴፕ ሸፍኚ፣ አለዚያ ሾርት ያደርጋል። የኪቦርድ መቆጣጠሪያው ፈርምዌር (ቺፑ ውስጥ ያለው ፕሮግራም) ካልተቀየረ አንዳንድ ቁልፎች ሌላ ሥራ ይሠራሉ። ፕሮሰሰሩ ከሶኬቱ ይወጣል፣ ራሙ እስከ 16 ጊጋ ይሄዳል። ለጽሑፍ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

መልስ (ከመጋላ)፦
ታይዋን ገበያ ስትገዢ ሳታስከፍቺ ብር እንዳትሰጪ። ፋኑን እዪ። በኛ ሙቀትና አቧራ ተርማል ፔስቱ (ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት) ደርቆ ነው የሚጠብቅሽ። የኔው ግንቦት ላይ ካልተጠረገ እየጻፍኩበት ድርግም ይላል።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩ! ቅዳሜ እወርዳለሁ። ቴፑ ጥቁሩ ነው?

መልስ (ከከዚራ)፦
አይደለም፣ ሙቀት የሚችለው ቢጫው። ጥቁሩ በድሬ ሙቀት ሙጫው ይቀልጣል።