የአየር ጠመንጃዬ 5.62 ኪሎ መዘነ፣ ከፊት ልቀንስ ወይስ ከኋላ?

የጣና ዳር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጀርመን ነው የምማረው፣ አሁን ለእረፍት ባሕር ዳር ቤተሰብ ጋ ነኝ። እዛ ክለብ ገብቼ 10 ሜትር የአየር ጠመንጃ እተኩሳለሁ፣ ስመለስ ወዲያው ውድድር አለ። ከመምጣቴ በፊት ሚዛን ላይ ስናስቀምጠው 5.62 ኪሎ አለ፣ የተፈቀደው ደሞ 5.5 ነው። ጠመንጃው የክለቡ ነው፣ ከኔ በፊት የያዘው ሰው አፈሙዙ ጋ ሁለት ባለ 50 ግራም ብረት፣ ሰደፉ ስር ደሞ ሦስት ባለ 50 አስሮበታል። ልጆቹ ከፊት ያሉትን አውጣና ተገላገል ይሉኛል፣ እኔ ግን ሁለቱንም አውጥቼ ስሞክረው አፈሙዙ አልረጋ አለ፣ ጥቁሩ ኢላማ የማነጣጠሪያው ቀለበት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ካስረጋሁት በኋላ እንኳ ቃታውን ልነካ ስል ያመልጠኛል። ከኋላ ካወጣሁ ደሞ ፊቱ ይከብድና ወገቤን ይጨርሰኛል ብዬ ፈራሁ። የገባው ሰው ቢመክረኝ።

የሚላኖው፦
ወንድሜ መጀመሪያ ይሄን እወቅ፣ ከፊት ሁለቱን ብታወጣም 5.52 ነው የሚመጣው፣ አላለፍክም ማለት ነው። 5.5 ሲባል ማነጣጠሪያው፣ ሲሊንደሩ (የታመቀውን አየር የሚይዘው)፣ የለጠፍከው ሁሉ ተደምሮ ነው። ልክ 5.5 ላይም አታቁመው ምክንያቱም የክለባችሁ ሚዛንና የውድድሩ ሚዛን አንድ ላይሆን ይችላል፣ 5.45 አካባቢ ካደረስከው በሰላም ታድራለህ። ከውድድር በፊት አልፌያለሁ ብለህም አትዘናጋ፣ ተኩሰህ ከጨረስክ በኋላም በዕጣ ጠርተው ይመዝናሉ፣ ያኔ ከተገኘብህ ውጤትህ ተሰርዞ ውጭ ነህ።
እግረ መንገድህን ሲሊንደሩ ላይ የተጻፈውን ዓመት እይ፣ 10 ዓመት ካለፈው አይቀበሉህም፣ የክለብ ዕቃ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። የተኩስ ጃኬትህም ውፍረቱ ሳይደረብ ከ2.5 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። የቃታ ክብደት ላይ ግን አትጨነቅ፣ ቢያንስ 500 ግራም ይሁን የሚባለው የአየር ሽጉጥ ላይ ነው፣ ጠመንጃው ላይ ነፃ ነው። ማንገቻ 10 ሜትር ላይ አይፈቀድም፣ ስለዚህ ክብደቱን የሚሸከመው አጥንትህ ብቻ ነው፣ ለዛ ነው ጥያቄህ ትክክለኛ ጥያቄ የሆነው።

ጋሼ ፊዚክስ፦
እኔ ተኳሽ አይደለሁም፣ እዚሁ ባሕር ዳር ፊዚክስ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ነገሩ ግን ደስ የሚል የሚዛን ጥያቄ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ልጄ፣ ጠመንጃውን ጠባብ ጠርዝ ላይ አስቀምጠህ ሳይወድቅ የሚቆምበትን ቦታ ፈልግና እርሳስ አድርግበት። ከዛ ነጥብ እያንዳንዱ ብረት ስንት ሴንቲሜትር እንደሚርቅ ለካ። እንበል የፊተኛው 60 የኋለኛው 30 ቢሆን፣ ከፊት አንድ 50 ግራም ስታወጣ 50 በ60 ሦስት ሺህ ነው፣ ከኋላ ሁለት ስታወጣ 100 በ30 እሱም ሦስት ሺህ። አየህ፣ 150 ግራም ቀንሰህ ሚዛኑ ካለበት ንቅንቅ አላለም፣ ጠመንጃው ደሞ 5.47 ሆነ። ከፊት ሁለቱን ብቻ ስታወጣ ግን ነጥቡ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ እጅህ ያወቀው እሱን ነው።
ሌላው አፈሙዙ ለምን አልረጋ እንዳለህ ነው። ለመወዛወዝ እምቢ የሚለው ነገር የሚያድገው ክብደቱ ከሚዛኑ ነጥብ በራቀበት ርቀት ካሬ ነው። ታንኳ ቀዛፊ ረጅሙን ቀርከሃ መሀሉን ይዞ ሊያዞረው ሲል ወዲያው እሺ አይለውም አይደል፣ ያው ነው፣ ጫፍ ላይ ያለ ትንሽ ክብደት መሀል ላይ ካለ ትልቅ ክብደት ይበልጥ ያዘገየዋል። ስለዚህ የሚቀረውን አንዱን የፊት ብረት ደንቡ እስከፈቀደልህ ድረስ ወደ ጫፍ ግፋው፣ ከዛ ነጥቡን እንደገና ፈልግ።

የጣና ዳር ልጅ፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ቁጭ አድርገው ያስረዱኝ ሰው አልነበረም። ርዝመቱን በትክክል አላስታውስም፣ እንደተመለስኩ ለክቼ በርስዎ ስሌት እሠራዋለሁ።

እታለም፦
የጋሼ ስሌት ልክ ነው ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔም ውጭ ለብዙ ጊዜ ተኩሻለሁ። ሚዛኑ ያለበት ነጥብ ከግራ እጅህ አንፃር የት ነው? ብዙዎቻችን እጃችን ላይ ወይ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው የምንፈልገው። ያ ጠመንጃ የተስተካከለው ለሌላ ሰው ቁመት ነው፣ ክንዱ ካንተ ቢረዝም እጁ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ስለዚህ የሱን ሚዛን ጠብቄ ልቀንስ ማለት ላንተ ላይሆን ይችላል። መጀመሪያ ሰደፉን በቁመትህ አስተካክል፣ ጭንቅላትህ ሳይጎነበስ ጉንጭህ ማሳረፊያው ላይ ይረፍ፣ የግራ ክርንህ ዳሌህ አጥንት ላይ ይቀመጥ። ከዛ ዓይንህን ጨፍነህ ትንፋሽህን አውጣና ክፈት፣ አፈሙዙ ራሱ የት እንደሄደ ታያለህ። ሁሌ ወደ አንድ ጎን የሚሄድ ከሆነ በክብደት አይስተካከልም፣ እግርህን ነው ማዞር ያለብህ። ብረቱን የምታወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ባወጣህ ቁጥርም ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ሊለወጥ ስለሚችል ማነጣጠሪያህን እንደገና አስተካክል። አስሯ፣ የኢላማው መሀል ማለቴ ነው፣ ግማሽ ሚሊሜትር ነጥብ እኮ ናት።
ወገብህን በተመለከተ ግን አትናቀው። 60 ጥይት በ75 ደቂቃ ነው፣ ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ እኛ ሴቶችም 60 ነን፣ ክብደቱም እኩል 5.5 ነው። ፊቱ የከበደ ጠመንጃ ለመጀመሪያዎቹ ሃያ ጥይቶች ጸጥ ይልልሃል፣ አርባኛው ላይ ግን ዋጋውን ትከፍላለህ። ስለዚህ አምስት ጥይት ተኩሰህ ይሄ ይሻላል ብለህ አትወስን፣ ሙሉ ውድድር ተኩስበት።

የጣና ዳር ልጅ፦
እሺ እታለም በጣም አመሰግናለሁ። እዚህ እስካለሁ ጠመንጃ የለኝም፣ ምን ልሥራ? ሐይቁ ዳር ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ፣ እዛው አቋቋሙን በዱላ ልለማመድ አስቤ ነበር።

የሚላኖው፦
ኧረ ወንድሜ ሐይቁ ዳር አታድርገው! በአሁኑ ጊዜ ዱላም ቢሆን ጠመንጃ አስመስለህ ደጅ ላይ ቆመህ አትታይ፣ ጠባቂው ከሩቅ ምን እንደያዝክ በምን ያውቃል። ለሚቀጥለው እረፍት ዕቃውን ይዤ ልምጣ ካልክም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ 1177/2012 አለ፣ የሚመለከተውን አካል ጠይቀህ ፈቃድ በጽሑፍ ሳትይዝ ኤርፖርት እንዳትደርስ። ሩጫህን ሩጥ፣ አቋቋሙን ቤት ውስጥ በርህን ዘግተህ ሥራ።

እታለም፦
እውነቱን ነው። ቤት ውስጥ ያለ ምንም ዕቃም ይሠራል፣ ክርንህን ዳሌህ ላይ አድርገህ ቁም፣ ግድግዳው ላይ በዓይንህ ልክ ነጥብ አድርግና ክብደትህ ሁለቱም እግርህ ላይ እኩል መሆኑን እየተከታተልክ ደቂቃ ቆይ፣ አርፈህ ድገም። ጀርመን ስትደርስ ሚዛኑ የት እንደወጣልህ እዚህ ጻፍልን፣ እኔም ቁጥሩን ማየት እፈልጋለሁ።