ማራኪ ግቢ የቴፍል ማስተርስ፦ ከወረቀቱ ምን ይቀድማል? ቴሲሱስ የት ላይ ነው የሚቆመው?

ጠመኔ፦

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ከተማ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 9ኛና 10ኛ ክፍል እንግሊዝኛ የማስተምር ሴት መምህር ነኝ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ በእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ነው። በሚቀጥለው ዙር ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ለማስተርስ ለማመልከት አስቤአለሁ። ከወረቀቱ የትኛው ቀድሞ ይጀመር? ቴፍል (እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ ማስተማር) ይሻላል ወይስ ሥነ ጽሑፍ? ኮርሱን በጊዜው ጨርሰው ቴሲስ (የመመረቂያ ጥናት) ላይ ዓመት ሁለት ዓመት የሚቆዩ ብዙ ናቸው፤ በትክክል የት ላይ ነው የሚቆመው? የምማረው ሥራዬን ሳልለቅ ነው። የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩኝ።

ሬጅስትራር በር፦

እህቴ፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕትን (የዩኒቨርሲቲ ውጤት ማስረጃን) አስቀድሚ። ሌላውን ወረቀት በሁለት ቀን ታሟይዋለሽ፤ ይኼኛው ግን ከአንቺ እጅ ውጭ ነው። አንቺ ጋ ያለው የተማሪ ኮፒ ነው። የሚፈለገው የተማርሽበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር በፖስታ አሽጎ፣ ማኅተም መትቶ በቀጥታ ለተቀባዩ ሬጅስትራር የሚልከው ነው። ፖስታው በእጅ ቢሰጥሽ እንኳ እንዳትከፍችው፤ የተከፈተ ፖስታ ተቀባይነት የለውም።

ይህ ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚያዘው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ ወጪ መጋራት ነው። የውሉ ክፍያ ወይም የአገልግሎት ግዴታው መጠናቀቁን የሚገልጽ ማስረጃ ከሌለ ሬጅስትራሩ ኦፊሻል ላይልክ ይችላል። መምህር ስለሆንሽ ብቻ በራሱ የተዘጋ አይምሰልሽ፤ ማስረጃው በእጅሽ ይኑር። ሌላው የስም አጻጻፍ ነው። ዲግሪው ላይ «ፀሐይ» በእንግሊዝኛ ፊደል በአንድ መልክ፣ መታወቂያው ላይ በሌላ መልክ ተጽፎ ከሆነ ዛሬውኑ አስተካክይው። ሁሉም ነገር ዲግሪው ላይ ባለው ስም ይሂድ፤ የመግቢያ ፈተናው ምዝገባም ጭምር። የምረቃ ዓመት ስትሞዪም ቅጹ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሚጠይቅ እይ፤ የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ፋይል ያስመልሳል።

ቀጥሎ ብሔራዊው የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ነው፤ ሁሉም «ኤንጋት» የሚለው። የሚያዘጋጀው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ ምዝገባውም ፈተናውም በኮምፒውተር ነው። እሱን ሳያልፉ የዩኒቨርሲቲው ማመልከቻ ወደፊት አይሄድም። የቋንቋ ሰው የቃል ክፍሉን ሳይቸገር ይሠራና በቁጥር ክፍሉ ይወድቃል። እዚያ የሚጠየቀው ካልኩለስ አይደለም፤ መቶኛ፣ ንጽጽር፣ አማካይ፣ ሠንጠረዥና ግራፍ ማንበብ ነው። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ከጎረቤት ልጅ ተውሰሽ ለስድስት ሳምንት በቀን 40 ደቂቃ ብትሠሪ ይበቃል። ያለ ካልኩሌተር ሥሪ፤ በሰዓት ቆጣሪም ሥሪ፤ ሰው የሚወድቀው ባለማወቅ ሳይሆን ሰዓት እያለቀበት ነው።

ስፖንሰርን በተመለከተ፦ በመሥሪያ ቤት ስም የምታመለክቺ ከሆነ ደብዳቤው የሚጻፈው በጀቱን ከሚይዘው አካል ነው። የርዕሰ መምህር ፊርማ ብቻ ያለበት ደብዳቤ ብዙ ጊዜ አይበቃም። ደብዳቤው ውስጥ «እንዲማሩ ፈቅደናል» እና «ወጪያቸውን እንሸፍናለን» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው ብቻ ከተጻፈ ሂሳቡ በአንቺ ላይ ይመጣል። ወጪሽ ከተሸፈነ ደግሞ ከምረቃ በኋላ የማገልገል ውል ስለምትፈርሚ የዓመቱን ብዛት አንብበሽ ፈርሚ። በግል ከሆነ ክፍያው በክሬዲት ሰዓት ነው። ለአንድ ሴሚስተር ብቻ አትጠይቂ። ጠቅላላ ክሬዲቱን ከነቴሲሱ፣ በየሴሚስተሩ የሚደገመውን የመመዝገቢያ ክፍያ፣ ቴሲሱ ቢራዘም የሚጨመረውንም አንድ ላይ አስደምሪ።

ሰሌዳ፦

መምህርት፣ ሁለተኛውን ጥያቄዎን ልመልስ። ክፍል ውስጥ የሚቆዩ ከሆነ ያለ ማመንታት ቴፍል ይምረጡ። የማስተማር ዘዴ፣ የሁለተኛ ቋንቋ ለመዳ ንድፈ ሐሳብ፣ የቋንቋ ፈተና አዘገጃጀት፣ የሥርዓተ ትምህርትና የመማሪያ ጽሑፍ ዝግጅት፣ የንግግር ትንተና፣ የምርምር ዘዴ፤ ሁሉም እርስዎ በየቀኑ ከሚሠሩት ጋር ይገናኛሉ። ለቴሲስም መረጃው እዚያው ትምህርት ቤትዎ አለ። ሥነ ጽሑፍ የሚወዱት ከሆነ ክቡር ሙያ ነው፤ ተማሪና መጠይቅ ፍለጋ አያስኬድም፣ ሥራው ከጽሑፉ ጋር ነው። ነገር ግን የሒስ ንድፈ ሐሳብ መጻሕፍት በብዛት ማንበብ ይጠይቃል፤ በሳምንት 25 ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር ሰው ያንን ሰዓት ማግኘት ይቸግረዋል።

ስለ ኮርሱ አንድ ነገር ብቻ። ለመመረቅ የሚጠበቀው አማካይ 3.00 ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ «ሲ» ማለፊያ ነበረች፤ እዚህ አንዲት «ሲ» አማካዩን ከታች ይጎትተዋል፤ በሌሎች ኮርሶች ከ«ቢ» በላይ በሆነ ውጤት ካልተካካሰ 3.00 አይደርስም። ብዙ ጊዜ «ሲ» የምትመጣው በምርምር ዘዴ ኮርስ ነው፤ ምክንያቱም የመጨረሻው ሥራ ፕሮፖዛል (የጥናት ዕቅድ) መጻፍ ስለሆነና ሰው በአንድ ሌሊት ስለሚጽፈው ነው። ያንን የኮርስ ፕሮፖዛል ወደፊት ለሚሠሩት ቴሲስ ያድርጉት። መምህሩ አርሞ የሚመልሰው ወረቀት በነጻ የተገኘ የመጀመሪያ ግምገማ ነው።

የአርባ ደቂቃ፦

ቴሲሱ የሚቆመው የት ነው ላልሽው፦ ጽሑፉ ላይ አይደለም። ከፕሮፖዛል መጽደቅ እስከ መረጃ መሰብሰብ ባለው ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም የዩኒቨርሲቲውና የትምህርት ቤቱ ካሌንደር አይገጥሙም።

በወር ልቁጠርልሽ። ሁለተኛ ደረጃ በመስከረም ይከፈታል፤ ምዝገባና የክፍል ድልድል እስኪረጋ ጥቅምት ይገባል። ጥር የሴሚስተር ፈተና ነው። ከየካቲት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ደግሞ መረጃ መሰብሰብ ይቻላል፤ መሀል ላይ ፋሲካ አለ። ግንቦት ላይ ሁሉም ወደ ክለሳና ወደ ፈተና ስለሚዞር መምህሩም ክፍሉን አይሰጥሽም፣ ተማሪውም መጠይቅሽን ሳያነብ ነው የሚሞላው። ስለዚህ በዓመት ያሉሽ ሁለት መስኮቶች ናቸው፦ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ። ፕሮፖዛሉ መጋቢት መጨረሻ ላይ ከጸደቀ መስኮቱ ይዘጋል፤ ስድስት ወር ሄደ ማለት ነው። ተራዘመ የሚባለው ሁሉ ከሞላ ጎደል ከዚህ ይጀምራል። በክረምት ፕሮግራም የሚማር ሰው ላይማ ይብሳል፤ እሱ ግቢ ሲገባ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት አማካሪው በአጠገቡ የለም። ስለዚህ መሣሪያዎቹን (መጠይቁን፣ የክፍል ምልከታ ቅጹን፣ የቃለ መጠይቅ ጥያቄዎቹን) ክረምቱ ሳያልቅ አስፈርሞ መሄድ ግድ ነው።

የትብብር ደብዳቤውም ጊዜ ይበላል። ከትምህርት ክፍሉ ይጻፋል፤ ወደ ከተማው ትምህርት መምሪያ ይሄዳል፤ ከዚያ ለየትምህርት ቤቱ ይመራል። የትምህርት ቤቶቹ ስም ደብዳቤው ላይ በዝርዝር ይጻፍ፤ ካልተጻፈ በኋላ አንድ ለመጨመር እንደገና ማራኪ ትመለሻለሽ። ተማሪዎቹ ከ18 ዓመት በታች ስለሆኑ የወላጅ ፈቃድ ቅጽ በአማርኛ አዘጋጂ።

ናሙና፦ 300 ተማሪ ካለና የያማኔን ቀመር (የናሙና መጠን ማስያውን) በ0.05 ስሕተት ከተጠቀምሽ 300ን ለ1.75 ታካፍያለሽ፤ 171.4 ይመጣል፣ ወደ ላይ ሲጠጋ 172። ሁሉም መልሶ አይመጣምና 190 ያህል አባዢ። መምህራኑ 15 ወይም 20 ከሆኑ ናሙና አያስፈልግም፣ ሁሉንም ውሰጂ።

መጠይቁን ለ9ኛ ክፍል በእንግሊዝኛ መስጠት ትልቅ ስሕተት ነው፤ የምትለኪው አመለካከታቸውን ሳይሆን የማንበብ ችሎታቸውን ይሆናል። ወደ አማርኛ ተርጉሚ፤ የመጀመሪያውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፤ የተለያየውን ዓረፍተ ነገር አስተካክይ። ከዚያ በናሙናሽ በሌለ ትምህርት ቤት 30 ተማሪ ላይ ሞክሪው። ክሮንባክ አልፋው (ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን የሚለካው ቁጥር) 0.70 እና ከዚያ በላይ ይፈለጋል። 0.40 ቢወጣብሽ ከመደንገጥሽ በፊት አሉታዊ ዓረፍተ ነገሮቹን («እንግሊዝኛ መጻፍ ያስጠላኛል» ዓይነቶቹን) ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ) ውስጥ ገልብጠሽ መመዝገብሽን እይ፤ 5 ወደ 1፣ 4 ወደ 2። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ጠመኔ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለቴሲስ ያሰብኩት በሁለት ሴክሽን ላይ ሙከራ ማድረግ ነው፦ አንደኛው በቡድን እየተራረመ ድርሰት ይጽፋል፣ ሌላው በተለመደው መንገድ። ከባድ ነው ይላሉ፤ ልተወው?

የአርባ ደቂቃ፦

አትተዪው፣ ርዕሱ ጥሩ ነው። ግን ሥራውን በቁጥር አስቀምጪው። በሴክሽን 50 ተማሪ ቢሆን 100 ነው፤ ቅድመና ድህረ ፈተና 200 ድርሰት፤ አስተማማኝ እንዲሆን ሁለት አራሚ ያየዋል፣ 400 ንባብ። ለአንዱ 5 ደቂቃ ብንል 2,000 ደቂቃ፣ ከ33 ሰዓት በላይ። ግማሹ የሁለተኛው አራሚ ነው፤ እሱን ሰው በልመና አይሠራውም፣ ክፍያውን ከአሁኑ አስቢ። አራሚዎቹ በአንድ የማረሚያ መስፈርት መጀመሪያ 10 ድርሰት ለየብቻ አርመው፣ ልዩነታቸውን ተነጋግረው ይቀጥሉ። የትኛው ወረቀት ከየትኛው ሴክሽን እንደሆነ ሳያውቁ፣ ቅድመው ከድህረው ተቀላቅሎ ይታረም።

ገምጋሚ ዲፌንስ ላይ (ቴሲሱን በገምጋሚዎች ፊት ስታቀርቢ) የሚጠይቃቸው ሦስት ነገሮች አሉ። ሁለቱን ክፍል ያስተማረው አንድ ሰው ነው? ሁለት ሰው ከሆነ ለውጡ ከዘዴው ይሁን ከመምህሩ አይለይም። ሴክሽኖቹ ሲጀመር እኩል ነበሩ? የቅድመ ፈተናው ውጤት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ በውጤት የተደለደሉ ሴክሽኖችን አትምረጪ። ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት ወረቀት አይለዋወጡም? አንዱ ጠዋት ሌላው ከሰዓት ፈረቃ ከሆነ ይሻላል። ሙከራው ከ8 ሳምንት ባያንስ መልካም ነው፤ የጠፉ ክፍለ ጊዜያትንም ቀን በቀን መዝግቢ።

ሰሌዳ፦

የዋቢ አጻጻፍ ልጨምር፤ ትንሽ ይመስላል እንጂ እርማት ያበዛል። የእኛ ስም የቤተሰብ ስም የለውም፤ አበበ ከበደን «ከበደ፣ አ.» ብሎ መገልበጥ አባቱን ደራሲ ማድረግ ነው። የትምህርት ክፍሉ መመሪያ ስም ሳይገለበጥ ይጻፍ ካለ ዞቴሮ (ዋቢ የሚያዘጋጀው ሶፍትዌር) ላይ ሁለቱን ስም በአንድ ሳጥን ያስገቡ፤ ያኔ አይገለብጠውም። በአማርኛ የታተመውን መጽሐፍ ዓመት ደግሞ «ዓ.ም.» ብለው ይተዉት እንጂ አንዱን ቀይረው ሌላውን አይተዉ።

ፈረንሳይኛ ቤት፦

ይህን ገጽ ለሚያነቡ፣ ከእንግሊዝኛ ውጭ ላሰቡ ደግሞ፦ ውጭ አገር ለቋንቋ ማስተርስ ሲያመለክቱ የምስክር ወረቀቱን ዕድሜ ይቁጠሩ። የእንግሊዝኛ ፈተናዎቹ አይኤልትስና ቶፍል ለ2 ዓመት ነው የሚያገለግሉት፤ የፈረንሳይኛው ደልፍ ዕድሜ ልክ ነው። ስለዚህ ፈረንሳይኛ ያለው ሰው ደልፍን ቀድሞ ቢፈተን አይከስርም፤ አይኤልትስን ግን ማመልከቻው ሲቃረብ ይውሰድ። ለፈረንሳይኛ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ፣ ለጀርመንኛ ጎተ ኢንስቲትዩት ሁለቱም አዲስ አበባ ናቸው፤ ከጎንደር ለሚሄድ ጉዞውና ማደሪያው ከፈተናው ክፍያ ጋር ይታሰብ። የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ሙንዱስ የጋራ ማስተርስ ሙሉ ስኮላርሺፕ በወር 1,400 ዩሮ ነው፤ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ማመልከቻ የሚዘጉት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን አንድ ጊዜ ሲያስወጡ ለዚህም እንዲሆን አንድ ቅጂ አስጨምሩ።

ሬጅስትራር በር፦

የመጨረሻ ነገር፣ እህቴ። ዲፌንስ ያለፈ ሰው ተመራቂ አይደለም። የገምጋሚዎቹ እርማት ገብቶ፣ አማካሪውና ገምጋሚዎቹ የማጽደቂያ ገጹን ፈርመው፣ የተጠረዘው ቅጂና ሶፍት ኮፒው ገብቶ፣ የቤተ መጻሕፍትና የሌሎች ክፍሎች ክሊራንስ ሲያልቅ ነው ስምሽ ለምረቃ የሚያልፈው። የውጭ ገምጋሚው ከሌላ ከተማ የመጣ ከሆነ ዲፌንሱ በተደረገበት ዕለት፣ ሳይሄድ፣ ፊርማው በማን በኩልና እንዴት እንደሚመጣ ተነጋገሪ። የማጽደቂያ ገጹን ሦስት ቅጂ ይዘሽ ግቢ።