አሸዋ በስካነር ለክቼ ከወንፊቱ ጋር አልገጥም አለኝ

አሸዋ_በፌስታል
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጥናቴ ኮንክሪት ላይ ነው። የመቂን አሸዋና ከክሬሸር የሚመጣውን የተፈጨ አሸዋ ቅርጽ ማወዳደር ፈለግኩ። ማይክሮስኮፕ ስላላገኘሁ አራት ኪሎ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ስካነራቸውን ለመንኩ። ሴትዮዋ ፌስታሉን ከፍታ አየችና «አፈር ነው እንዴ ይዘሽ የመጣሽው?» አለችኝ። መስታወቱ እንዳይቧጨር ትራንስፓረንሲ (ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ) አነጠፍኩ፣ አንድ ቁንጥር በተንኩ፣ ክዳኑን ዘግቼ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) አነሳሁት። ቤት ገብቼ ኢሜጅጄ በሚባለው የምስል መለኪያ ሶፍትዌር ላይ አስቆጠርኩት።

ጉድ ነው የወጣው። በወንፊት ስመዝነው ግማሽ ያህሉ ከ0.6 ሚሊሜትር በላይ ነበር። በምስሉ ግን ከአስር ቅንጣት ዘጠኙ ከዚያ በታች ሆነ። ትንንሾቹ ደግሞ ክብነታቸው ልክ 1፣ ማለትም ፍጹም ክብ፣ እያለ ይወጣል። የተፈጨ ድንጋይ እንደ ኳስ ይከባል እንዴ? ምን አጥፍቼ ነው?

ወንፊት_ነቅናቂ
እህቴ፣ መጠኑ ላይ ምንም አላጠፋሽም። ወንፊት ይመዝናል፣ ምስል ይቆጥራል፤ ልዩነቱ ይሄው ነው። ቅርጻቸው አንድ ከሆነ ባለ 2.4 ሚሊሜትሯ ቅንጣት ከባለ 0.3ቷ በወርድ 8 እጥፍ ናት፣ በክብደት ግን 512 እጥፍ። ቆጠራ ላይ ሁለቱም አንድ አንድ ናቸው። ስለዚህ የእያንዳንዷን ወርድ ሦስት ጊዜ በራሱ አባዢና ድርሻዋን በዚያ አስይዣት።

ወርድ ስልሽ ደግሞ ረጅሙን ጎን እንዳትወስጂ። ረዘም ያለች ቅንጣት ቀዳዳው ላይ ቆማ ሹልክ ትላለች። የሚይዛት መካከለኛ ጎኗ ነው። ኢሜጅጄ ላይ ሚን ፈሬት የሚለውን፣ በምስሉ የሚታየውን ጠባቡን ወርድ፣ ውሰጂ። ስካነር ላይ ግን ቅንጣት በጠፍጣፋ ጎኗ ስለምትተኛ ውፍረቷ አይታይም። የክሬሸር ስስ ስባሪ ካላት በላይ ከባድ መስላ ትቆጠራለች። ለዚህ መድኃኒት የለኝም። እኔ ከትልልቆቹ ጥቂቱን በካሊፐር እለካለሁ፣ አይኔ እስኪጠፋ።

ፎቶ_ፒያሳ
እኔ የማውቀው ምስል እንጂ ኮንክሪት አይደለም። በ600 ዲፒአይ አንድ ፒክስል 0.042 ሚሊሜትር ነው። ባለ 0.15 ሚሊሜትር ቅንጣት አራት ፒክስል እንኳ አትሞላም። በዚያ ማዕዘን አይሳልም፤ ሶፍትዌሩም «ክብ ነው» ብሎ ይገላገላል። 1200 አድርጊው። እንዲያም ሆኖ ከ0.3 በታች ያለውን ለቅርጽ አትመኚው።

ነጩን ክዳን ደግሞ ለምን ዘጋሽው? ነጣ ያለ ቅንጣት ካለ ይውጠዋል። ጥቁር ጨርቅ ብታደርጊ በተራው ጥቁሩ ይጠፋል። ሰማያዊ ነገር ፈልጊ።

ወንፊት_ነቅናቂ
አንድ የረሳሁት፦ ክብነት ዝቅ አለ ማለት ጠርዙ ስለታም ነው ማለት አይደለም። ለስላሳ እንቁላልም ክብነቱ ከ1 በታች ነው። ዋዴል የሚባለው የሥነ ምድር ተመራማሪ የቅንጣትን ክብነትና የማዕዘኖቿን መዶልዶም ገና እ.ኤ.አ. በ1932 ለይቷቸዋል። ጥናትሽ ላይ እንዳትቀላቅያቸው።

አሸዋ_በፌስታል
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አንተም ፎቶ_ፒያሳ። ዛሬ አሸዋውን አጥቤ አድርቄ፣ ሰማያዊ የደብተር ሽፋን ይዤ ተመለስኩ። ግራፉ ወደ ወንፊቱ ተጠጋ እንጂ አልገጠመም። በኋላ ሳየው «ትልቋ ቅንጣቴ» ሦስት ተጣብቀው የተቆጠሩ ናቸው! አሁን በመርፌ ጫፍ እየነጣጠልኩ ነው የማነሳው። ሴትዮዋም «እስቲ ልየው» ብላ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። አንዷን የክሬሸር ስባሪ አሳየኋት። «ይሄማ የድፎ ዳቦ ቁራሽ ነው» አለች።