የዕቅድ ውይይት፦ ስታር ትሬክን ስታር ትሬክ የሚያሰኘው ምንድን ነው? ለጋራ የመመልከቻ መርሐ ግብራችን የሚቀርብ ሐሳብ

የዕቅድ ክፍሉ ጸሐፊ

የተከበራችሁ አባላት፣ ማኅበራችን ለሚያዘጋጀው የመመልከቻና የውይይት መርሐ ግብር የመጀመሪያውን ረቂቅ ከዚህ በታች አቅርቤያለሁ። ዓላማው ስታር ትሬክን ጨርሰው የማያውቁ አዳዲስ አባላት፣ ከ1966 ጀምሮ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እየተቋረጠና እየታደሰ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የዘለቀውን ይህን የጠፈር ጉዞ የቴሌቪዥን ድራማ በአሥር ምሽቶች ውስጥ በቅጡ እንዲያውቁት ማስቻል ነው። ሁሉንም ማሳየት እንደማይቻል ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያው ተከታታይ ብቻ 79 ክፍሎች ሲኖሩት፣ በ1987 የጀመረው ደግሞ 178 አለው። ስለዚህ መምረጫ መስፈርት ያስፈልገናል። ረቂቁ ያስቀመጠው መስፈርት፣ የሚመረጠው ክፍል ኤንተርፕራይዝ የተባለችውን መንኮራኩር፣ የባልደረቦቿን የደንብ ልብስ፣ ሰውን ከአንድ ቦታ አጥፍቶ በሌላ ቦታ የሚያቆመውን የብርሃን ማጓጓዣና የታወቀውን የመክፈቻ ዜማ የያዘ እንዲሆን ነው። አዲስ ተመልካች ገና በመጀመሪያው ደቂቃ የት እንዳለ ሊያውቅ ይገባል ብዬ አምናለሁ። አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

ከክፍል መራጮች አንዱ

ጸሐፊያችን፣ ስለ ድካምዎ ከልብ አመሰግናለሁ፤ መስፈርቱን ግን እንዳለ ለመቀበል እቸገራለሁ። በዚህ መስፈርት ከሄድን ከ1993 እስከ 1999 የተላለፈው የስታር ትሬክ ተከታታይ፣ ዲፕ ስፔስ ናይን፣ ከሞላ ጎደል ከዝርዝራችን ይወጣል፤ ታሪኩ የሚካሄደው በምትጓዝ መንኮራኩር ላይ ሳይሆን በአንድ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ነውና። ማጓጓዣውም ቢሆን የተፈጠረው መንኮራኩሯ በየሳምንቱ በአዲስ ፕላኔት ላይ ስታርፍ መቅረጽ ከበጀቱ በላይ ስለነበረ ነው። የገንዘብ እጥረት የወለደው መላ እንዲህ ያለ ተወዳጅ ምልክት መሆኑ ያስደንቀኛል፤ ይሁን እንጂ ሌላ ማንኛውም ድራማ ነገ ቢወስደው በዚያ ብቻ ስታር ትሬክ አይሆንም።

እኔ መለያውን የማገኘው ችግሩ በሚፈታበት መንገድ ላይ ነው። በ1967 የተላለፈውን የማዕድን ዋሻ ክፍል እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ከመሬት በታች የሚኖር አንድ ፍጡር ማዕድን ቆፋሪዎችን አንድ በአንድ እየገደለ ነው፤ የኤንተርፕራይዝ አዛዥ ካፒቴን ከርክም መጀመሪያ የሚያዘው እንዲገደል ነው። ቆይቶ ግን ባልደረባው ስፖክ አእምሮውን ከፍጡሩ አእምሮ ጋር ሲያገናኝ፣ ፍጡሩ እናት እንደሆነች፣ ቆፋሪዎቹም ከንቱ ድንጋይ መስለዋቸው ሲሰባብሯቸው የከረሙት ክብ ነገሮች እንቁላሎቿ እንደነበሩ ይታወቃል። ታሪኩ የሚያበቃው ሁለቱ ወገኖች አብረው የሚኖሩበትን ስምምነት በማድረግ ነው። በሌላ ተከታታይ ውስጥ ይህ ታሪክ አስፈሪው አውሬ ሲሞት ያበቃ ነበር። እዚህ ግን አስፈሪው ነገር የራሱ ምክንያት ያለው ሆኖ ይገኛል፤ ያንን ምክንያት ለመስማት መታገሥም የጀግንነት ሥራ ተደርጎ ይቆጠራል። መስፈርታችን ይህ እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ።

ዶክተር ሁን ለረጅም ጊዜ የተከታተለች አባል

ወንድማችን ያቀረበውን ምሳሌ ከልቤ እወደዋለሁ፤ ነገር ግን መለያውን ከመነሻው ዓላማ ጋር አጥብቀን እንዳናስረው እሰጋለሁ። በጊዜና በጠፈር ስለሚጓዝ፣ ዶክተሩ ስለሚባል ገጸ ባሕርይ የሚተርከው ዶክተር ሁ በኖቬምበር 1963 በቢቢሲ ሲጀምር፣ ሐሳቡን ካመነጩት ኃላፊዎች ዋነኛው ሲድኒ ኒውማን ዓይናቸው የፈጠጠ ጭራቆች በፕሮግራሙ ውስጥ እንዳይታዩ ይፈልግ ነበር። የዶክተሩ የመጀመሪያ የጉዞ ጓደኞች የታሪክ እና የሳይንስ መምህራን የተደረጉትም ፕሮግራሙ እንዲያስተምር ታስቦ ነው። ሆኖም ገና በሁለተኛው ታሪክ ዳሌኮች የተባሉት በብረት ቅርፊት የተሸፈኑ ክፉ ፍጡራን መጡ፤ ፕሮግራሙን በሕዝብ ዘንድ ያጸኑትም እነርሱ ናቸው። በ1966 ደግሞ የዋናው ተዋናይ የዊሊያም ሃርትኔል ጤና እየደከመ ሲሄድ፣ ዶክተሩ አካሉን ለውጦ በሌላ ተዋናይ እንዲቀጥል ተደረገ። ያ ከችግር የመጣ ውሳኔ ዛሬ ከፕሮግራሙ መለያዎች ሁሉ የጸናው ሆኗል፤ ተዋናዩ ቢለወጥም ዶክተሩ ዶክተር መሆኑን ተመልካቹ አምኖ ይቀበላል። በ1989 ተቋርጦ በ2005 በአዲስ መልክ የተመለሰውም በዚሁ እምነት ላይ ቆሞ ነው።

ስለዚህ በመስፈርታችን ውስጥ ሥራው መሥራቾቹ ካሰቡት ሲርቅ ምን ይዞ እንደቀረ የሚጠይቅ ሐሳብ እንዲገባ እጠይቃለሁ። ለማነጻጸርም አንድ ምሽት ለዶክተር ሁ ይሰጠው።

የቀድሞው የውይይት መሪ

እህታችን ያነሳችው ጉዳይ ወደ ዋናው ነገር ያደርሰናል ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ላይ ጥቂት ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

የስታር ትሬክ መሥራች ጂን ሮደንቤሪ በ1987ቱ ተከታታይ ላይ ብርቱ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ በሃያ አራተኛው ክፍለ ዘመን የሚኖሩ የመንኮራኩሯ ባልደረቦች ጥቃቅን ቂምንና ምቀኝነትን አልፈው የሄዱ ስለሆኑ እርስ በርሳቸው አይጣሉም የሚል። ደራሲያኑ በዚህ ሕግ ብዙ ተቸግረዋል፤ ግጭት የሌለበት ድራማ መጻፍ ከባድ ነውና። የሚገርመው ግን ሕጉ አንዳንድ ጊዜ ያለ እርሱ የማይገኝ ነገር ማስገኘቱ ነው። በ1989 የተላለፈውን የዳታን የፍርድ ቤት ክፍል ተመልከቱ። ክርክሩ ሰው ሠራሹ ዳታ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው ወይስ የራሱን ዕጣ የሚወስን አካል የሚል ሲሆን፣ ዳታ ማሽን ብቻ መሆኑን እንዲያስረዳ በዳኛዋ የታዘዘው ጓደኛው ራይከር ነው። እምቢ ቢል ዳኛዋ ያለ ክርክር በዳታ ላይ ትፈርዳለች፤ ስለዚህ ጓደኛውን ለማዳን ሲል ጓደኛውን በሙሉ ኃይሉ መወንጀል አለበት። በሁለቱ መካከል ቅንጣት ጥላቻ የለም፤ ክፍሉን ልብ የሚነካ ያደረገውም ይኸው ነው። በቂም ላይ የተመሠረተ ጠብ ቢሆን ኖሮ ግማሽ ኃይሉን ያጣ ነበር።

ሮደንቤሪ በ1991 ዐረፈ። ከዚያ በኋላ የመጣው ዲፕ ስፔስ ናይን ሕጉን ብዙ አላላው፤ በ1998 በተላለፈ አንድ ክፍልም የጣቢያው አዛዥ ካፒቴን ሲስኮ ፌዴሬሽኑ፣ ማለትም የእርሱ ወገን የሆነው የፕላኔቶች ኅብረት፣ እየተሸነፈበት ባለው ጦርነት ውስጥ ሮሙላኖች የተባሉትን ባዕድ ሕዝብ በሐሰተኛ ማስረጃ ለማስገባት ይነሳል፤ ነገሩም በአንድ የሮሙላን ሴናተር መገደል ይፈጸማል። ይህን ክፍል ከዝርዝሩ ማውጣት የሚፈልጉ አባላት እንዳሉ አውቃለሁ፤ ስታር ትሬክን ክዷል ይላሉ። እኔ ግን ተቃራኒውን አምናለሁ። ሲስኮ ለብቻው ተቀምጦ ያደረገውን ሁሉ በግል ማስታወሻው ላይ ይናዘዛል፤ ከዚህም ጋር መኖር እንደሚችል ራሱን ያሳምናል፤ በመጨረሻም ማስታወሻው እንዲጠፋ ያዝዛል። ያ ኑዛዜ የሚከብደን ከ1966 ጀምሮ የተዘረጋውን መለኪያ ስለምናውቀው ነው። ያንን መለኪያ በማያውቅ ሥራ ውስጥ ሲስኮ ብልህ የጦር አዛዥ ብቻ ይሆን ነበር። እንግዲህ ረጅም ዕድሜ ያለው ሥራ ማንነቱን የሚጠብቀው መለኪያውን ሳይረሳ ሲቀር ይመስለኛል፤ መለኪያውን መፈተን፣ አልፎ ተርፎም መጣስ ይችላል፣ መጣሱ ዋጋ እንዳለው ግን ተመልካቹ እንዲያውቅ ማድረግ አለበት። ይህ ክፍል ከማዕድን ዋሻው ክፍል ጋር በአንድ ምሽት ጎን ለጎን እንዲታይ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

አዲስ አባል

አንድ አጭር ሐሳብ አለኝ። ተመልካቾቹም በመለያው ውስጥ ድርሻ ያላቸው ይመስለኛል። የመጀመሪያው ተከታታይ ሊቋረጥ ሲል በደብዳቤ ዘመቻ የታገሉለት እነርሱ ናቸው፤ በ1976 የመጀመሪያዋ የናሳ የሙከራ የጠፈር ማመላለሻ ኤንተርፕራይዝ የሚለውን ስም ያገኘችውም በእነርሱ ደብዳቤዎች ግፊት ነው። በመግቢያው ጽሑፍ ላይ እንዲጠቀስ ያህል ነው።

የዕቅድ ክፍሉ ጸሐፊ

መስፈርቴን አንስቻለሁ። ስጽፈው አስቤ የነበረው ለአዲስ ተመልካች ምቾት ነበር፤ አሁን ግን በ2001 የጀመረው ተከታታይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች ስታር ትሬክ የሚለውን ቃል በርዕሱ ሳይዝ መተላለፉን ሳስታውስ፣ ምልክቶቹ ምን ያህል ሊወልቁ እንደሚችሉ ይታየኛል። የተሻሻለው ሐሳብ እንዲህ ይነበባል፦ «የሚመረጠው ክፍል ባዕድ የሆነውን ወገን ለመረዳት መጣርን እንደ መለኪያ የያዘ፣ ወይም ይህን መለኪያ በግልጽ የሚፈትን ይሁን፤ በአንድ ምሽትም አንድ የሚያጸናና አንድ የሚፈትን ክፍል ተጣምረው ይታዩ።» በማጣመሩ ምክንያት አሥሩ ምሽቶች ወደ ስድስት ዝቅ ብለዋል፤ አንዱ ለንጽጽር ለዶክተር ሁ ተይዟል። የሲስኮ ክፍል ገብቷል፤ ከማዕድን ዋሻው ቀጥሎ ይታያል።

ያልተወሰነው አንድ ነገር የመክፈቻው ምሽት ነው። የቴሌቪዥን ጣቢያው ያልተቀበለው የመጀመሪያው የሙከራ ክፍል ይቅደም ወይስ ከርክ የገባበት ሁለተኛው? በሁለቱ መካከል ካፒቴኑን ጨምሮ የባልደረቦቹ ቡድን ከሞላ ጎደል ተለውጧል፤ ከዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት የዘለቀው ስፖክ ብቻ ነው።

ዶክተር ሁን ለረጅም ጊዜ የተከታተለች አባል

የመጀመሪያው ይቅደም። አዲሶቹ አባላት ምን እንደተጣለና ምን እንደተያዘ በዓይናቸው ማየት አለባቸው። የዚያን ምሽት መግቢያ ጽሑፍ እኔ አዘጋጃለሁ።

ከክፍል መራጮች አንዱ

እስማማለሁ። የዳታን የፍርድ ቤት ክፍል ከየትኛው ጋር እንደምናጣምረው ለቀጣዩ ስብሰባ ሁለት አማራጮችን ይዤ እቀርባለሁ።