ተማሪዎቼ ጎግል ላይ መጀመሪያ የወጣውን ሁሉ ያምናሉ፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ፣ 7ኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ልጆቹ ስልክ ላይ ከኔ በላይ ፈጣን ናቸው ግን መረጃ ፈልጉ ስላቸው የመጀመሪያውን ሊንክ ከፍተው ኮፒ ፔስት ነው፣ ባለፈው አንዱ ማስታወቂያውን ጭምር ገልብጦ አመጣልኝ፣ "አሁኑኑ ይግዙ" የሚለው ሳይቀር 😂 ኮምፒውተሮቹ ደግሞ ጥቂት ናቸው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ሃሃ "አሁኑኑ ይግዙ" ገደለኝ። እኔ በዛፍ ኦክቶፐሱ ነው የጀመርኩት። በ1998 እ.ኤ.አ. ለቀልድ የተሰራ ዌብሳይት ነው፣ ዛፍ ላይ የሚኖር ሊጠፋ የተቃረበ ኦክቶፐስ (ያ ስምንት እጅ ያለው የባህር እንስሳ) አለ ይላል፣ ፎቶ ምናምን አለው። የኔዎቹ እናድነው ብለው ሊነሱ ነበር እኮ! ከዛ ገጹን ተዉትና ሌላ ታብ ከፍታችሁ ሌሎች ስለሱ ምን እንደሚሉ ፈልጉ አልኳቸው፣ ወዲያው ነቁ። ፋክት ቸከሮችም (መረጃ እውነት መሆኑን የሚያጣሩት ባለሙያዎች) የሚሰሩት እንደዛ ነው፣ ገጹ ላይ ተተክለው አይቀሩም።

መልስ፦ እህቴ ኮምፒውተር ካነሰ ለሦስት አንድ ስጫቸው፣ አንዱ ይፈልግ አንዱ ይጻፍ አንዱ ደሞ "ማን ነው ያለው? መቼ?" እያለ ይጨቅጭቅ። የኔዎቹ የሚሻሙት ጨቅጫቂነቱን ነው። ፎቶም በጎግል ሌንስ (ፎቶውን ሰጥተሽው ሌላ የት እንደወጣ የሚፈልግልሽ) አስፈልጊያቸው፣ የዛሬ ተብሎ የተለጠፈው የድሮ ሆኖ ሲያገኙት ፊታቸውን ማየት ነው።

መልስ፦ ቻትቦቱንስ (ቻትጂፒቲ ምናምን) ረሳችሁት? አንዳንዴ የሌለ መጽሐፍ ከነደራሲው ፈጥሮ ይሰጣል። ምንጭ ጠይቁትና መጽሐፉን ፈልጋችሁ አምጡ ብዬ ላክኋቸው፣ ግማሾቹ ባዶ እጃቸውን መጡ።

ጠያቂዋ፦ ኦክቶፐሱን ሰኞ እሞክረዋለሁ፣ አሁን ከፍቼው ራሴ ላምን ምንም አልቀረኝም 😅